እያደር የማይጠራ እውነት

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። ጥሩ አባባል ነው። የተበደለ ሰው ስናጽናና፣ የተሰደበ ሰው ዝም በል ስንል፣ ዳኛ ቀጠሮ ሲያራዝም ሳይቀር የምንጠቅሰው ይህንኑ ነው። ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ አይሠራም፤ ሰው የተገደለበት ቦታ ላይ። እዚያ እውነት እያደር አይጠራም፤ እያደር ይደፈርሳል። በመጀመሪያው ሰዓት የነበረው ዱካ በሁለተኛው ሰዓት ለማየት በተሰበሰበው ሰው እግር ይጠፋል። ማታ የፈሰሰውን ደም የሌሊት ዝናብ ያጥበዋል። ቀለሁን ሕፃን ልጅ አንሥቶ ያፏጭበታል። በሦስተኛው ቀን የሚተርፈው «አየሁ» እና «አላየሁም» ብቻ ነው፤ እሱም እንደ ተናጋሪው ወገን ይለያያል።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ተራ ስለሚመስል ነገር ነው፤ ወንጀል የተፈጸመበትን ቦታ ለማስረጃ ፎቶ ስለ ማንሣት። «ይኼ የፖሊስ ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። የሚያገባን በብዙ በኩል ነው።

ከጎንደር ተነሥታችሁ፣ ዳባትንና ደባርቅን አልፋችሁ፣ ጣሊያን የቀየሰውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁል ስትወርዱ ብርዱ እየቀረ፣ ጋቢው እየወለቀ ሄዶ ዛሪማ ትደርሳላችሁ። ከላይ የሰሜን ተራሮች ተደርድረው ይታያሉ፣ ከታች ቆላው ነው። ዛሪማ በአዲ አርቃይ ወረዳ ያለች የመንገድ ዳር ከተማ ናት፤ የዞኑ መቀመጫ ደባርቅ ግን ከሽቅቡ በላይ ናት። እዚያው ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ ድሮ በቀበሌ ሚሊሻነት ካገለገሉ አንድ ሽማግሌ ጋር ስለዚሁ ጉዳይ አውግተን ነበር።

«አባቴ፣ ሰው ሲገደል ፖሊስ እስኪመጣ አስከሬኑ ባለበት ይቆያል?» አልኋቸው።

«የት አገር ነው ያለኸው ልጄ?» አሉኝ። «ቆላ ነው እኮ! ቀን ፀሐይ አለ፣ ማታ ጅብ አለ። የሰው ልጅ ሬሳ ሜዳ ላይ ያድራል እንዴ? እናቱስ ምን ትላለች? በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ቤት ነው እንጂ።»

«ፖሊሱ ሲመጣስ?»

«ቦታውን እናሳየዋለን። ‹እዚህ ጋ ወድቆ ነበር› እንለዋለን። ይጽፋል።»

ሽማግሌው ልክ ናቸው። ልጁ ሜዳ ላይ የወደቀበትን ሰው «አትንኩት፣ መርማሪ ይምጣ» ብሎ ማቆም ጭካኔ ነው። ለብዙ ዘመን የአስከሬን ምርመራ ሲባል በአገራችን የሚታሰበው አዲስ አበባ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር፤ ከክፍለ ሀገር ሳይቀር አስከሬን ተጭኖ ወደዚያ ይሄድ ነበር። ከዛሪማ አዲስ አበባ የት ነው? ስለዚህ ሬሳው ይነሣል፣ ይታጠባል፣ ይገነዛል፣ ይቀበራል። ቁስሉ ከነአቅጣጫው፣ ልብሱ ከነቀዳዳው አፈር ይገባል። ሬሳው ማደር አይችልም። ቦታው ግን በአንድ መንገድ እንዲያድር ማድረግ ይቻላል፤ ሬሳው ከመነሣቱ በፊት በአምስት ደቂቃ ውስጥ በሚነሣ ፎቶግራፍ።

የኛ የፍትሕ ታሪክ ከጥንት ጀምሮ የአፍ ታሪክ ነው። ሌባ ወይም ገዳይ ሲጠፋ አውጫጭኝ ነበር፤ አንዳንዱ አገር አፈርሳታ ይለዋል። የአገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው ካልተጠቆመ ወደ ቤት መመለስ የለም። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሌባሻ ነው። አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል፤ ሰክሮ እየሮጠ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት «ሌባ» ተብሎ ይያዛል። ዛሬ ይህን ስንሰማ እንስቃለን። ግን እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ከአፍ ወጥተን ወደ ዕቃ ማስረጃ ምን ያህል ተሻግረናል? በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳ ዋና ክብደቱን የጣለው በምስክሩና በተከሳሹ ቃል ላይ ነው። ጊዜው ነው፤ አይፈረድበትም።

ችግሩ ግን አፍ በተለይ በደጋው ሰሜን ጎንደርና በቆላው እንደ ልብ የማይከፈት መሆኑ ነው። ደም የሚባል ነገር አለ። የተገደለበት ወገን ደሙን ካልመለሰ ሰው ፊት ቀና ብሎ የማይሄድበት አገር ነው። እዚያ «እገሌ ሲተኩስ አይቻለሁ» ብሎ ፍርድ ቤት የሚቆም ሰው፣ የራሱን ልጅ በደም መዝገብ ላይ እንደማስመዝገብ ይቆጥረዋል። ስለዚህ «አልነበርኩም» ይላል። ወይም ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃል፣ ካሳ ይከፈላል፣ ምስክሩም ቃሉን ያጥፋል። ሽምግልናውን አልነቅፍም፤ ስንት ሰው ከሞት አትርፏል። ነገር ግን ዕርቁ ሲፈርስ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ነገሩ እንደገና ሲነሣ፣ መጀመሪያ ምን እንደተደረገ የሚናገር አንድም ነገር አይገኝም። ሁሉም የየወገኑን ታሪክ ይዞ ይቆማል። ፎቶ ግን ዘመድ የለውም። አይፈራም፣ አይማለድም፣ ካሳ ተቀብሎ ዝም አይልም።

ደግሞ ልብ በሉ፤ ፎቶው ገዳዩን ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ ያልገደለውንም ይለቃል። በደም ጉዳይ ሟች ወገን የሚጠቁመው ብዙ ጊዜ የተኮሰውን ሳይሆን ከዚያኛው ቤት ጎበዝ የተባለውን ነው። ዱካው፣ ቀለሁ የወደቀበት ቦታ፣ ሟቹ የወደቀበት አኳኋን ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው በስም ብቻ እስር ቤት ባልገባ ነበር።

ይህን ስል «አሁን ስልክ የሌለው ማን አለ? ፎቶውማ ሞልቷል» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፣ ሞልቷል። የኔም ትችት እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር የሞተ ሰው ፎቶ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የለቅሶ ፎቶ ነው፤ ፊቱን አቅርቦ አንሥቶ «ነፍስ ይማር» ይጻፍበታል። ሁለተኛው የቁጣ ፎቶ ነው፤ ይበልጥ የሚዘገንነው ተመርጦ ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። ሦስተኛው የጉብኝት ፎቶ ነው፤ ባለሥልጣናት በተርታ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ የተቆፈረ ጉድጓድ ሲመለከቱ ይነሣሉ። አራተኛው ዓይነት፣ ዳኛ ፊት የሚቀርበው፣ ከነዚህ ከሦስቱ አንዱንም አይመስልም።

ምን ይመስላል? ጥበቡ አዲስ አይደለም። አልፎንስ ቤርቲዮን የሚባል የፓሪስ ፖሊስ ባልደረባ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ካሜራውን በረጅም እግር ላይ አቁሞ፣ አስከሬኑን ከላይ ወደታች ከነልኬቱ ያነሣ ነበር። ዋናው ሐሳብ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። መጀመሪያ ምንም ነገር ሳይነካ ቦታው በሙሉ ከአራቱም ማዕዘን ከሩቅ ይነሣል። ቀጥሎ ነገሮቹ አንዱ ከሌላው ጋር ያላቸው ርቀት እንዲታይ ከመካከለኛ ርቀት ይነሣል። በመጨረሻ እያንዳንዱ ነገር፣ ቁስሉም ዱካውም ቀለሁም፣ ከቅርብ በቀጥታ ይነሣል፤ አንድ ጊዜ እንዳለ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ማስመሪያ አጠገቡ ተቀምጦ። ማስመሪያ የሌለበት የጫማ ዱካ ፎቶ የማንም ጫማ ዱካ ነው፤ ቁጥሩ 38 ይሁን 43 አይታወቅም። ዱካ ሲነሣ መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርጎ ማብራት ነው፤ ከፊት ካበሩበት ጉድጓዱ ይጠፋል። ከዚያ ማን እንዳነሣው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ስንት ፎቶ እንደሆነ በደብተር ይጻፋል። የመጀመሪያው ቅጂ ሳይነካ ታሽጎ ይቀመጣል፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍም ይፈረምበታል።

ይህ ሁሉ ለምን? ተከላካይ ጠበቃ ተነሥቶ «ይህ ፎቶ መቼ ተነሣ? ቢላው መጀመሪያም እዚያ ነበር ወይስ አምጥታችሁ አስቀመጣችሁት?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ እንዲኖር ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሐሰት የተከሰሰው የእናንተ ወንድም ቢሆን እንዲጠየቅለት ትፈልጋላችሁ። የሚዘገንን ፎቶ ልብን ይሰብራል፤ ጠበቃው ለጠየቀው ግን መልስ የለውም።

የአንድ ሰው ሞት እንዲህ ከሆነ፣ የብዙ ሰው ሞት ሲመጣ ደግሞ እንይ። በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይንና ዛሪማን አልፎ ወደ ደጋው ወጣ። ሕዝቡ ሊማሊሞን ሽቅብ ተሰደደ። በነሐሴ መጨረሻ በዳባት ወረዳ ጭና ላይ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። በጳጉሜን መጀመሪያ የአካባቢው ባለሥልጣናት ከ120 በላይ ሲቪሎች በትግራይ ኃይሎች መገደላቸውን ለውጭ ዜና ወኪሎች ተናገሩ፤ በኋላ ከዚያ ከፍ ያለ ቁጥርም ተሰማ። ሕወሓት ክሱን ፈጠራ ነው ብሎ ካደ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ሂዩማን ራይትስ ዎች ምስክሮችን አነጋግሮ ባወጣው ዘገባ የትግራይ ኃይሎች ጭና ላይ በ15 የተለያዩ ክስተቶች 26 ሲቪሎችን መረሸናቸውን ገለጸ።

በ26 እና በ120 መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? 26ቱ ድርጅቱ አንድ በአንድ ሊያረጋግጠው የቻለው ነው፤ የሞተው ያ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ለቀረው ማረጋገጫ ከሚሆኑት ነገሮች አንዱ ቀብሩ ሳይፈጸም በፊት በሥርዓት የተነሣ ፎቶ ነበር፤ ይህ እገሌ ነው፣ በዚህ ቤት ደጃፍ ተገኘ፣ እጁ ታስሮ ነበር ወይም አልነበረም፣ የተመታው ከፊት ነው ወይም ከኋላ። ገበሬው ወንድሙን ለመቅበር በሚሯሯጥበት ሰዓት ይህን አላደረገም ተብሎ አይወቀስም። የሚወቀሰው፣ ካሜራና ደመወዝ ያለው ሆኖ ሳለ የመጣውን እንግዳ ማስጎብኘት ያስቀደመው ነው። በክርክሩ መካከል የሚወድቀው ደግሞ ሟቹ ነው። በሁለት ቁጥር መካከል ያለ ሰው፣ አንዱ ሞቷል ሲለው ሌላው አልነበረም ይለዋል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ያላሰብነው ነገር ይመሰክራል፤ ተራራ። እ.ኤ.አ በ2018 ወታደሮች ሁለት ሴቶችንና ሁለት ሕፃናትን ሲረሽኑ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። የካሜሩን መንግሥት መጀመሪያ ላይ «የሐሰት ወሬ ነው» አለ። የቢቢሲ አፍሪካ አይ ጋዜጠኞች ከሌሎች መርማሪዎች ጋር ሆነው ከሰዎቹ ኋላ ያለውን የተራራ መስመር ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያዩ፤ ቦታው ሰሜን ካሜሩን ሆኖ ተገኘ። የወታደሮቹን ጥላ እንደ ፀሐይ ሰዓት ቆጥረው ወቅቱን ለዩ። በ2020 እ.ኤ.አ የያውንዴ ወታደራዊ ፍርድ ቤት አራት ወታደሮችን በአሥር አሥር ዓመት እስራት ቀጣ።

በእኛም አገር ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በጥር 2013 ዓ.ም ማእከላዊ ትግራይ ማኅበረ ዴጎ ላይ የመንግሥት ወታደሮች ያልታጠቁ ወንዶችን ገደል አፋፍ ላይ ሲገድሉ የሚያሳየውን ቪዲዮ፣ ቢቢሲም ሲኤንኤንም ከአምነስቲ ጋር ቦታውን በገደሉና በተራራው ቅርጽ አረጋገጡት። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አምነስቲ የማይካድራን ጭፍጨፋ ፎቶዎች ቦታ ያረጋገጠው በሳተላይት ምስል ነው። በሁሉም ላይ ክህደት ነበር፤ በሁሉም ላይ ክህደቱን ያሸማቀቀው ቦታው ከነመልኩ ምስሉ ውስጥ መገኘቱ ነው። ሦስቱን በአንድ ላይ የጠቀስኩት ሆን ብዬ ነው። «የነሱ ፎቶ ውሸት ነው፣ የኛ ብቻ እውነት ነው» የሚል ሰው የራሱንም ሟች ነው የሚጎዳው፤ ሚዛኑ አንድ ካልሆነ ማንም አያምንበትምና።

እንግዲህ የሰሜንን ተራሮች አስቧቸው። ከዛሪማ ቀና ብላችሁ የምታዩት የገደል መስመር በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የለም። ከዚያ በላይ ማኅተም ምን አለ? እኛ ግን ፊትና ደም ብቻ አቅርበን አንሥተን ተራራውን ከፎቶው እናስወጣዋለን። ያንን ፎቶ ሌላው ወስዶ የሌላ አገር ስም ይጽፍበታል፤ የሌላ አገርም ፎቶ በእኛ ስም ይለጠፋል። አንድ ቀን የውሸቱ ሲጋለጥ እውነተኛውም አብሮ ይጣላል።

ከመለጠፉ ጋር ደግሞ ሌላ ጥፋት አለ። ስልክ ፎቶ ሲያነሣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ከተከፈተም ቦታውን በፎቶው ውስጥ ይመዘግባል። ፌስቡክ ላይ ሲለጠፍ ወይም በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ግን ምስሉ ይጨመቅና ያ መረጃ ይወልቃል። ከመቶ ሰው ስልክ ላይ ያለው ቅጂ ሁሉ ሲደመር የመጀመሪያውን አንዱን አያህልም። ለማስረጃ የሚበጀው ፎቶ ማንም የማያየው፣ ታሽጎ የተቀመጠው ነው። ለሟቹም ክብር የሚሻለው እሱ ነው። እናት የልጇን ሬሳ በየቀኑ በሰው ስልክ ላይ እንድታይ ማድረግ ማስረጃ ማቅረብ አይደለም።

በሌላ በኩል ፎቶን ታቦት አድርጌ ላቀርብ አልፈልግም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የሆነው ጭፍጨፋ ፎቶ አላጣም፤ ብዙዎቹን ያነሡት ራሳቸው ጣሊያኖቹ ናቸው። ኢትዮጵያ በጦር ወንጀል ክስ ሰነዶቿን ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን አቀረበች፤ ኮሚሽኑም በ1940 ዓ.ም ግራዚያኒንና ባዶሊዮን ጨምሮ ለተከሳሾች በቂ ምክንያት አለ አለ። ነገር ግን በኢትዮጵያ ላይ ለሠሩት አንዳቸውም ፍርድ ፊት አልቆሙም። ፎቶ ዳኛ አይሆንም፤ ፈቃደኛ ዳኛ ሲገኝ ግን ባዶ እጅ እንዳንቆም ያደርጋል።

ፈቃደኛ ዳኛ ሲገኝ ምን እንደሚሆንም አይተናል። በ1984 ዓ.ም ልዩ ዐቃቤ ሕግ ከተቋቋመ በኋላ የቀይ ሽብር ሰለባዎችን ዐፅም ለማውጣት የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ባለሙያዎች መጥተው ነበር። በራሳቸው አገር የወታደር መንግሥት ያጠፋቸውን ሰዎች ሲፈልጉ ልምድ ያካበቱ ናቸው። ከመቃብር የወጣው ሁሉ ባለበት አኳኋን በፎቶ እየተመዘገበ ማውጣት እንዴት እንደሆነ በሥራቸው አሳዩ። ዐፅሙ፣ ደርግ ራሱ የፈረመባቸው ወረቀቶችና የምስክሮች ቃል ተደጋግፈው በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም የተጀመረው ችሎት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም የጥፋተኛነት ፍርድ ላይ ደረሰ። አሥራ ሁለት ዓመት! ቢዘገይም ደረሰ፤ በመዝገብ ላይ የተቀመጠ ነገር ነበረና።

አሁን ያለንበት ጊዜ ደግሞ ይኸው። ጦርነቱ በጥቅምት 2015 ዓ.ም በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ ሲባል፣ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ ሌላ ግጭት ተነሣ። በጥር 2016 ዓ.ም መራዊ ላይ ቢያንስ 45 ሲቪሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ገለጸ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጸደቀ። ፖሊሲው አንድ ቀን ወደ ችሎት ከተለወጠ ጠረጴዛው ላይ ምን እናስቀምጣለን? የለቅሶ ፎቶ? የጉብኝት ፎቶ?

«መሣሪያው ውድ ነው፣ ላቦራቶሪ የለንም» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። የዲኤንኤ ላቦራቶሪ ውድ ነው፤ እሺ። ማስመሪያ ግን ስንት ነው? ሜትርስ? ደብተርና እስክርቢቶስ? አንድ የወረዳ መርማሪ ስልክ፣ ማስመሪያ፣ ሜትር፣ ፖስታና የሁለት ቀን ሥልጠና ቢሰጠው ከዜሮ ወደ ብዙ ይሻገራል። የሚጎድለን ከገንዘቡ ይልቅ፣ ሞትን አይቶ ከማልቀስ በፊት መመዝገብ ይገባል የሚለው ልማድ ነው።

ፖሊስ በሌለበትም የሚደረግ አለ። ሬሳው ቃሬዛ ላይ ከመውጣቱ በፊት ከሰፈሩ ረጋ ያለ አንድ ሰው ይመረጥ። ሌላው ወደ ኋላ ይበል። ከሩቅ አራት፣ ተራራው ወይም ቤተ ክርስቲያኑ እንዲገባ፤ ከመካከል ሁለት፤ ከቅርብ ደግሞ በሚያውቁት ነገር፣ በክብሪት ሣጥንም ቢሆን፣ እያስለኩ። አይለጠፍ። የሟቹ ስም፣ ቀኑና የነበሩት ሰዎች ይጻፉ። በግጭት ጊዜ ያንን ስልክ ይዞ ኬላ ማለፍ አደጋ ስላለው፣ የሚቀመጥበት ቦታና የሚያውቀው ሰው ቀድሞ ይታሰብበት። ሽማግሌው እንዳሉት ከዚያ በኋላ በቃሬዛ ወደ ቤት፣ ወደ እናቱ።

እናቱ ታለቅሳለች። አንድ ቀን ግን «ልጄን ማን ገደለው?» ብላ ትጠይቃለች። ያን ቀን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለን የምንሸኛት ከሆነ፣ አምስት ደቂቃ ነፍገናት እንደነበር እንወቅ።